ጂዲቢ ይመርምር እንጂ አይቁጠር

በሥራዬ ደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ «ኤክስፕሎይቱ ይሠራል?» የሚል ነው። ኤክስፕሎይት የፕሮግራምን ክፍተት ተጠቅሞ የሚያጠቃ ኮድ ነው። እኔም ሁሌ በጥያቄ ነው የምመልሰው፦ «ከስንቱ ስንቱን?» ሰዉ ይሰለቻል። ሌላ መልስ ግን የለኝም።

የምሠራው ፓች ማረጋገጥ ነው። ክፍተት ይገኛል፣ ገንቢዎቹ ይደፍኑታል፣ እኛ ደግሞ በትክክል መደፈኑን እናያለን። ለዚህ ክፍተቱን በቀጥታ የሚነካ ኤክስፕሎይት እንይዝና በራሳችን ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ፣ እንድንፈትነው በተሰጠን ፕሮግራም ላይ እናስኬደዋለን። ከፓቹ በፊት መሥራት አለበት። ከፓቹ በኋላ መሥራት የለበትም። ሲሰሙት ቀላል ነው። ኤክስፕሎይቱ ከፓቹ በፊትም ከሁለት አንዴ ብቻ የሚሳካ ከሆነስ? ከፓቹ በኋላ አንድ ጊዜ ሞክሬ ቢከሽፍ ምን አወቅኩ? ምንም። ሳንቲም ከመወርወር በምን ይለያል?

ስለዚህ መደጋገም ግድ ነው። መደጋገሙ ደግሞ በእጅ አይሆንም። ዛሬ የምጽፈው ለዚህ ስለምጠቀምበት መሣሪያ ነው። ጂዲቢ ይባላል፤ ዲበገር ነው፣ ማለትም ሌላ ፕሮግራምን አቁሞ ውስጡን የሚያሳይ ፕሮግራም፤ በተለይ የማወራው ውስጡ ስላለው ፓይተን ነው።

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ፤ እስከ መጨረሻ የማታነቡም ትኖራላችሁ። አንድ ሙከራ ለምን እንደከሸፈ ለመናገር ጂዲቢ ከሞከርኳቸው መሣሪያዎች ሁሉ ይበልጣል። ለዚህ አምስት ከአምስት። ስንቱ ተሳካ ስንቱ ከሸፈ የሚለውን ቁጥር ከእሱ ለመውሰድ ግን ሁለት ከአምስት፣ እሱም አዝኜለት። ሁለቱን ሥራ ካልለያችሁበት ያማረ ሰንጠረዥ ይሰጣችኋል፤ ሰንጠረዡ ግን የሚናገረው እውነተኛው ዓለም ውስጥ ስለሌለ ፕሮግራም ይሆናል።

አስተማማኝነት ስል ምን ማለቴ እንደሆነ አንድ የታወቀ ምሳሌ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2024 የኳሊስ ተመራማሪዎች በርቀት ወደ ማሽን ለመግባት በሚያገለግለው በኦፕንኤስኤስኤች ሰርቨር ውስጥ ሲቪኢ-2024-6387 የተባለውን ክፍተት ይፋ አደረጉ። ነገሩ የጊዜ ሽሚያ ነው። ለሎግኢን የተሰጠው ጊዜ ሲያልቅ ሲግናል፣ ማለትም ፕሮግራሙን የሚያቋርጥ የሲስተም መልእክት፣ ይመጣል፤ ሲግናሉ ፕሮግራሙን መጥፎ ቦታ ላይ ካገኘው ብቻ ጥቃቱ ይሳካል። ተመራማሪዎቹ በ32 ቢት ሊኑክስ ላይ ሽሚያውን ለማሸነፍ በአማካይ 10,000 ያህል ሙከራ እንደሚፈጅ ጻፉ። ሰርቨሩ በ120 ሰከንድ 100 ግንኙነት ሲቀበል ይህ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ነው። የሜሞሪ አድራሻ መበተኑ ሲጨመርበት ሩት፣ ማለትም የማሽኑ ሙሉ ባለሥልጣን፣ ለመሆን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይወስዳል። ታዲያ ይሠራል ወይስ አይሠራም? አንድ ሺህ ጊዜ ሞክሮ «አይሠራም» ብሎ የተነሳ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ሰነፍ ነው ልትሉትም አትችሉም።

የታወቀው የኤክስፕሎይቶች ስብስብ ሜታስፕሎይትም ይህን ነገር በቁም ነገር ነው የያዘው። እያንዳንዱ ሞጁል ደረጃ አለው፤ ከማኑዋል 0 ይጀምርና እስከ ኤክሰለንት 600 ይደርሳል። 600 የሚሰጠው ሰርቪሱን ፈጽሞ ክራሽ ለማያደርግ ኤክስፕሎይት ነው። ሜሞሪ የሚያበላሹ ኤክስፕሎይቶች እዚያ የሚደርሱት ከስንት አንዴ ነው።

ወደ መሣሪያው ልግባ። ጂዲቢ ሽማግሌ ነው፤ ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1986 ነው የጻፈው። ነፃ ነው። በሊኑክስ ላይ በአንድ ትዕዛዝ ይጫናል። መልክ የለውም፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ስሙን በቅንፍ ጽፎ ቁጭ ይላል። ለእኔ ሥራ ወሳኙ ነገር የመጣው እ.ኤ.አ. በ2009፣ በ7.0 ስሪት ነው፤ ፓይተን ውስጡ ገባ። አሁን ፕሮግራሙ ሲቆም ወይም ሲወጣ ጂዲቢ እኔ የጻፍኩትን ፈንክሽን ይጠራል። ብሬክፖይንትንም፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚቆምበትን ምልክት፣ እንደ ራሴ ክላስ መጻፍ እችላለሁ። «ስቶፕ» የሚባለው ሜተድ «ፎልስ» ከመለሰ ፕሮግራሙ ለተጠቃሚው ሳይቆም መንገዱን ይቀጥላል፤ እኔ ግን የፈለግኩትን መዝግቤ ጨርሻለሁ።

አሠራሬ ሁለት ስክሪፕት ነው። የውጪው ሙከራውን ያስነሳል፣ ሰዓት ይይዛል፣ የቆየውን ይገድላል፣ ቆሻሻውን ያጸዳል። የውስጡ ጂዲቢ ውስጥ ይኖርና ፕሮግራሙ ሲወድቅ የሚያየውን ሁሉ በአንድ የጄሰን መስመር ጽፎ ይወጣል። ለእያንዳንዱ ሙከራ አዲስ ጂዲቢ አስነሳለሁ። አንዱን ጂዲቢ ክፍት አድርጎ ፕሮግራሙን ደጋግሞ ማስኬድ ይፈጥናል፣ ልክ ነው። ግን ካለፈው ሙከራ የተረፈ ብሬክፖይንት ወይም ተለዋዋጭ ለሚቀጥለው ይተላለፋል። ፍጥነቱ ቢቀርብኝ እመርጣለሁ።

ባች በሚባለው ሁነታው ስታስነሱት ገጽ በገጽ ማቆሙንና «እርግጠኛ ነህ?» እያለ መጠየቁን ይተዋል። ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው። ሌላው ማስገባት ያለባችሁ የግል ማስጀመሪያ ፋይላችሁን እንዳያነብ የሚከለክለውን አማራጭ ነው። ፒደብሊውኤንዲቢጂ ወይም ጄፍ የጫናችሁ ሰዎች ለምን እንደምል ይገባችኋል። ሁለቱም በእጅ ስሠራ የምወዳቸው ተጨማሪዎች ናቸው። በአውቶሜሽን ውስጥ ግን በየማቆሚያው ባለቀለም ስክሪን እየሳሉ ሎጉን ያጨናንቁታል፣ ሥራውንም ያጓትቱታል።

አንድ ነገር ከመጀመራችሁ በፊት ወስኑ፦ «ተሳካ» ማለት ምን ማለት ነው? «ክራሽ አላደረገም» መልስ አይደለም። የእኔ የሙከራ ኤክስፕሎይት ሲሳካ የሚያደርገው ለዚያ ሙከራ ብቻ የተሰጠውን ልዩ ቁጥር አንድ ፋይል ላይ መጻፍ ነው። ቁጥሩ ካለ ተሳክቷል፤ ከሌለ አልተሳካም። ከዚያ ሁለተኛ ጥያቄ አለ፦ ከተሳካ በኋላ ፕሮግራሙ ሥራውን ቀጠለ ወይስ ወደቀ? ቁጥሩን ጽፎ ወዲያው የሚሞትና ቁጥሩን ጽፎ ሥራውን የሚቀጥል ፕሮግራም አንድ ረድፍ ውስጥ አይገቡም።

አሁን ጂዲቢ አምስት ከአምስት ያገኘበት ቦታ ላይ ደረስን። ውድቀቶቹን መለየት።

ከውጭ ሆናችሁ ስታዩት የከሸፈ ሙከራ ሁሉ አንድ ይመስላል፤ «ሴግሜንቴሽን ፎልት»፣ አለቀ። ውስጡ ግን ቢያንስ አራት አምስት የተለያየ ታሪክ አለ። ጂዲቢ ከከርነሉ (ከሲስተሙ እምብርት) የመጣውን የሲግናል ዝርዝር እንዳለ ይሰጣችኋል። እዚያ ውስጥ ኮድ የሚባል ትንሽ ቁጥር አለ። 1 ከሆነ ፕሮግራሙ የነካው አድራሻ ላይ ምንም ሜሞሪ የለም ማለት ነው፤ ኤክስፕሎይቱ አድራሻ ገምቶ ስቷል። 2 ከሆነ ሜሞሪው አለ፣ ፈቃዱ ግን የለም፤ ለምሳሌ ዳታ ብቻ እንዲይዝ በተፈቀደ ቦታ ላይ ያለን ነገር እንደ ኮድ ለማስኬድ ተሞክሯል። በአንዲት ቁጥር ሁለት ፍጹም የተለያዩ ችግሮች ተለዩ። አንደኛው የአድራሻ ግምት ነው፤ ሁለተኛው የመከላከያ ሥራ ነው።

የምወደው ደግሞ ሦስተኛው ነው። በ64 ቢት ኢንቴልና ኤኤምዲ ፕሮሰሰር ላይ አንዳንዴ ኮዱ 128 ይሆናል፤ የወደቀበት አድራሻ ደግሞ 0 ይላል። አዲስ ሰው ይህን ሲያይ «ነል ፖይንተር (ባዶ አድራሻ) ነው» ብሎ ይሮጣል። አይደለም። ፕሮሰሰሩ አድራሻውን ለከርነሉ ሳይነግር ሲቀር ነው ዜሮ የሚታየው። ወይ አድራሻው ከሕጋዊው ክልል ውጭ የሆነ ዝባዝንኬ ነው፣ ወይ ደግሞ ስታኩ (ፈንክሽኖች ጊዜያዊ ዳታቸውን የሚይዙበት ሜሞሪ) በ16 ባይት ልክ ሳይደረደር ልኩን የሚጠይቅ ኢንስትራክሽን ላይ ተደርሷል። ሁለተኛው ከሆነ ኤክስፕሎይቱ መቆጣጠሪያውን ይዟል ማለት ነው፤ የወደቀው በሩ ላይ ሳይሆን ገብቶ ሳሎን ውስጥ ነው። ለፓች አረጋጋጭ ይህ ሰማይና ምድር ነው። በቁጥር ብቻ ካየነው «ከሸፈ»፤ በእውነት ግን ክፍተቱ እንዳለ ነው። የወደቀበትን ኢንስትራክሽን በሁለት መስመር ፓይተን ማውጣት ይቻላል፤ ግምት አያስፈልግም።

አቦርት ሲግናል ከመጣ ደግሞ ፕሮግራሙ ራሱን ገድሏል። የስታክ ካናሪ፣ ማለትም ስታክ ላይ ለጥበቃ የሚቀመጥ ቁጥር፣ መበላሸቱ ታውቋል፣ ወይም የሲስተሙ ዋና የሲ ላይብረሪ ግሊብሲ የሂፑን (ፕሮግራሙ እየጠየቀ የሚወስደውን ሜሞሪ) መበላሸት ደርሶበታል። የፈንክሽኖቹን ሰንሰለት ማየት የትኛው እንደሆነ ይነግራል። እነዚህን ወደየሳጥናቸው ከከፈልኩ በኋላ ለገንቢዎቹ የምጽፈው ሪፖርት ይለወጣል። «አልፎ አልፎ ይከሽፋል» ማለት አንድ ነገር ነው። «ሲከሽፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቆመው ካናሪው ነው፤ ሥሩ ግን አልተነካም» ማለት ሌላ ነው። ሁለተኛውን የሚያነብ ገንቢ ፋይሉን ዘግቶ ቡና ሊጠጣ አይነሳም።

አሁን ወደ ሁለት ከአምስቱ። ጂዲቢ ሳይጠየቅ የሚያስተካክላቸው ነገሮች አሉ። ለተራ ዲበጊንግ ደግነት ናቸው፤ ለአስተማማኝነት ሙከራ ግን መርዝ።

ትልቁ የአድራሻ መበተን ነው። ሊኑክስ ፕሮግራም ባስነሳ ቁጥር ስታኩን፣ ሂፑንና ላይብረሪዎቹን የተለያየ ቦታ ያስቀምጣቸዋል፤ ኤኤስኤልአር የምንለው ማለት ነው። ጂዲቢ ፕሮግራሙን ራሱ ሲያስነሳ ይህንን በነባሪ ያጠፋዋል። ምክንያቱ ጥሩ ነው፤ ብሬክፖይንት አድራሻችሁ ነገም አንድ ዓይነት እንዲሆን። ግን አድራሻ በግምት የሚያስገባ ኤክስፕሎይት በዚህ ሁኔታ ስታስኬዱ መቶ በመቶ ሊሳካ ይችላል። ከጂዲቢ ውጭስ? በ32 ቢት የሊኑክስ ፕሮግራም ላይ ላይብረሪዎች የሚበተኑት በተለምዶ በ8 ቢት ነው፤ ትክክል የመገመት ዕድል ከ256 አንድ ነው። በ64 ቢት ደግሞ የከርነሉ ነባሪ 28 ቢት ነው፤ ከ268 ሚሊዮን በላይ አማራጭ ማለት ነው። መቶ በመቶ የነበረው ወደ ባዶ ወረደ። ቅንብሩን በአንድ ትዕዛዝ መመለስ ይቻላል። ችግሩ ሳትመልሱት ብትቀሩ ምንም ማስጠንቀቂያ አይመጣም።

ሁለተኛው ትንሽ ናት፤ ግን ብዙ ሰው ታስለቅሳለች። ጂዲቢ የስክሪኑን ቁመትና ስፋት የሚገልጹ ሁለት የኤንቫይሮንመንት ተለዋዋጮችን ወደ ፕሮግራሙ ይጨምራል። እነዚህ ስታኩ አናት ላይ ስለሚቀመጡ ከእነሱ በታች ያለው ሁሉ ይንሸራተታል። ጥቂት ባይት ናት። ግን የስታክ አድራሻ የምትቆጥሩ ከሆነ ጥቂት ባይት በቂ ነው። ሁለቱንም አስወግዱ። ፕሮግራሙ የተጠራበትን ሙሉ መንገድም አመሳስሉ፤ እሱም እዚያው ስታክ ላይ ነው ያለው።

ሦስተኛው ስለ ሥልጣን ነው። ሴትዩአይዲ የሆነ ፕሮግራም፣ ማለትም ማንም ቢጠራው በባለቤቱ ሥልጣን የሚሠራ፣ በተራ ተጠቃሚ ጂዲቢ ሥር ሲነሳ ያንን ሥልጣን አያገኝም። ከርነሉ ነው የሚከለክለው፣ ደግሞም ትክክል ነው። ስለዚህ በጂዲቢ ሥር የምትፈትኑት ፕሮግራም ስሙ አንድ ቢሆንም ባሕርዩ ሌላ ነው።

አራተኛው ጊዜ ነው፤ ይህኛው ቅንብርም የለውም። እያንዳንዱ ብሬክፖይንት ፕሮግራሙን አቁሞ ወደ ጂዲቢ ይመልሳል፣ ከዚያ ተመልሶ ይሄዳል። ለእኛ ቅጽበት ነው፤ ለፕሮሰሰሩ ዘመን ነው። ከላይ እንዳነሳሁት ዓይነት የጊዜ ሽሚያ ላይ ብሬክፖይንት ማስቀመጥ ውድድሩን ራሱን መቀየር ነው። አንዳንዴ የማይሳካውን ያሳካዋል፣ አንዳንዴ የሚሳካውን ይደብቀዋል። ተራ ብሬክፖይንት ደግሞ የፕሮግራሙን ኮድ ይነካል፤ በኤክስ86 ላይ አንድ ባይት ቀይሮ የማቆሚያ ኢንስትራክሽን ያስገባል። ኮዱን ራሱን የሚያነብ ፕሮግራም ልዩነቱን ያያል። የሃርድዌር ብሬክፖይንት ይህን ያስቀራል፤ ግን ያሉት አራት ብቻ ናቸው።

ታዲያ ምን ይሻላል? እኔ ያገኘሁት መንገድ ቀላል ነው። ሙከራው ያለ ጂዲቢ ይሂድ። ሲወድቅ ከርነሉ ኮር ፋይል፣ ማለትም በወደቀበት ቅጽበት የነበረውን የሜሞሪ ቅጂ፣ ይተው። ከዚያ ጂዲቢ በባች ሁነታ ኮር ፋይሉን ይክፈትና ያንኑ የፓይተን ምርመራ ያስኪድ። ሬጂስተሮቹ አሉ፣ የሲግናሉ ዝርዝር አለ፣ የሜሞሪው ካርታ አለ። ፕሮግራሙ በሕይወት እያለ ማንም አልነካውም። ቁጥሩን የሚሰጠው የውጪው ስክሪፕት ነው፣ ምክንያቱን የሚሰጠው ጂዲቢ። ርእሱ ላይ ያልኩት ይኸው ነው።

ለዚህ ሁለት ሦስት ነገር ማስተካከል ያስፈልጋል። የኮር ፋይል መጠን ገደብ ብዙ ጊዜ ዜሮ ሆኖ ነው የሚገኘው፤ ክፈቱት። ኮሩ የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው የከርነል ቅንብር ነው፤ ብዙ ዲስትሪቢውሽኖች ላይ ሲስተምዲ ነው የሚወስደው፣ ስለዚህ በእሱ መሣሪያ ማውጣት አለባችሁ። ሴትዩአይዲ ፕሮግራሞች ደግሞ በነባሪ ኮር አይተዉም፤ በሙከራ ማሽኑ ላይ ብቻ መፍቀድ ይቻላል። ዲስክ ደግሞ ይሞላል። የምርመራው መስመር ከወጣ በኋላ ኮሩን ሰርዙ፣ ከየሳጥኑ አንድ ሁለት ናሙና ብቻ አስቀሩ።

በሕይወት ያለ ፕሮግራም ላይ ጂዲቢን የማስገባው ኮሩ ያልመለሰልኝ ነገር ሲኖር ነው። ብዙውን ጊዜ ጥያቄው «ከመውደቁ በፊት ሂፑ እንዴት ተደረደረ?» የሚል ነው። ያን ጊዜ ብሬክፖይንቶቼን አስቀምጣለሁ፣ ውጤቱን ግን ከቆጠራው ጋር አልደባልቅም።

ስለ ቆጠራው ራሱ ጥቂት ልበል፤ እዚህ ላይ ሰው በጣም ይሞኛል። መቶ ጊዜ አስኬዳችሁ፣ አንዴም አልከሸፈም እንበል። «መቶ በመቶ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ? የስታቲስቲክስ ሰዎች የሦስት ሕግ የሚሉት አለ። በ n ሙከራ አንድም ውድቀት ካልታየ፣ በ95 በመቶ መተማመን እውነተኛው የውድቀት መጠን እስከ 3 ሲካፈል ለ n ሊደርስ ይችላል። መቶ ንጹሕ ሙከራ ማለት ውድቀቱ እስከ 3 በመቶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ከ1 በመቶ በታች ነው ለማለት 300 ያስፈልጋል። ለፓች ሲሆን ተገልብጦ ያገለግላል፤ ከፓቹ በኋላ አንድም ስኬት ሳይታይ 300 ካለፈ ስኬቱ ከ1 በመቶ በታች ነው እንጂ «የለም» አይባልም። ከፓቹ በፊት ከሁለት አንዴ ይሳካ ለነበረ ኤክስፕሎይት ይህ ከበቂ በላይ ነው። ከአሥር ሺህ አንዴ ለሚሳካ ግን ከምንም አይቆጠርም።

ሕጉ የሚሠራው ሙከራዎቹ አንዱ ከሌላው ነፃ ሲሆኑ ነው። ይህ የሚሰበረው ባልጠበቃችሁት ቦታ ነው። ብዙ ሰርቨሮች ለእያንዳንዱ ግንኙነት ራሳቸውን ፎርክ ያደርጋሉ፤ የራሳቸውን ቅጂ እንደ ልጅ ፕሮሰስ ያስነሳሉ። ልጅ ፕሮሰሱ ከወላጁ የሜሞሪ አቀማመጡንም ካናሪውንም እንዳለ ይወርሳል። ስለዚህ አንድ ሰርቨር አስነስታችሁ 300 ጊዜ ብትልኩለት 300 አቀማመጥ አልሞከራችሁም፤ አንዱን አቀማመጥ 300 ጊዜ ነው የሞከራችሁት። ሰርቨሩን በየሙከራው መዝጋትና ማስነሳት ያሰለቻል፣ ጊዜም ይበላል። ሌላ መንገድ የለም። ዊንዶውስ ላይ ይባስ ይላል፤ የሲስተም ላይብረሪዎቹ አድራሻ የሚወሰነው ማሽኑ ሲነሳ ስለሆነ ፕሮግራሙን መዝጋት ብቻ አይበቃም፣ ማሽኑም ሪስታርት መደረግ አለበት።

ሁኔታዎቹንም ለዋውጡ። ማሽኑ ሥራ ፈትቶና በሥራ ተጨናንቆ፣ በአንድ ኮርና በአራት ኮር፣ በአጭርና በረጅም የተጠቃሚ ስም። ጸጥ ባለ ማሽን ላይ ብቻ የተፈተነ ነገር የሚናገረው ስለ ጸጥ ያለ ማሽን ነው።

የጂዲቢ ፓይተን ሲጻፍ የሚያበሳጭ ነገር አለው ወይ? አለው እንጂ። በ«ስቶፕ» ሜተድ ውስጥ ፕሮግራሙን ማስኬድ ወይም ብሬክፖይንት መሰረዝ ክልክል ነው። ሰነዱ ይናገራል፤ ሰነዱን ያላነበበ ግን ግራ በሚያጋባ ብልሽት ነው የሚማረው። ከኢቨንት ውስጥ ሌላ ሥራ ማስጀመር ስትፈልጉ ሥራውን ወረፋ ላይ አስቀምጣችሁ ውጡ፣ ለዚህ የተዘጋጀ ፈንክሽን አለ። ፓይተናችሁ ሲሳሳት ደግሞ በነባሪ የሚታየው አንድ መስመር መልእክት ብቻ ነው፤ የትኛው መስመር ላይ እንደሆነ ለማየት ሙሉውን የስህተት ዝርዝር የሚያሳየውን ቅንብር መክፈት አለባችሁ። ለምን እንዲህ እንደተደረገ አልገባኝም። ፎርክ ሲመጣም በነባሪ የሚከተለው ወላጁን ነው። ልጁ ሲወድቅ እናንተ ወላጁን እያያችሁ «ሁሉ ሰላም ነው» ትላላችሁ።

ሌሎቹን መሣሪያዎች በአጭሩ። ኤክስፕሎይት ለመጻፍ የሚያገለግለው የፓይተን ላይብረሪ ፒደብሊውኤንቱልስ ከጂዲቢ ጋር የሚያገናኙ ምቹ ፈንክሽኖች አሉት፤ ኤክስፕሎይቱ በፓይተን ከተጻፈ ሥራ ያቀላል። ከላይ ያልኳቸው የሥልጣኑና የጊዜው ችግሮች ግን እዚያም አሉ። ኤልኤልዲቢ የሚባለው ዲበገር የፓይተን በይነገጹ ንጹሕ ነው፤ ማክ ላይ ለሚሠራ ሰው ምርጫው ግልጽ ነው። ዊንዲቢጂ የሚባለው ዲበገር በዊንዶውስ ላይ ኃይለኛ ነው፣ በጃቫስክሪፕት ይታዘዛል፤ ግን ፕሮግራሙን እሱ ራሱ ሲያስነሳ ሂፑ በዲበግ ሁነታ ይሆናል፣ አቀማመጡም ይቀየራል። ፕሮግራሙ ከተነሳ በኋላ መያያዝ ወይም ይህን የሚያጠፋውን የኤንቫይሮንመንት ተለዋዋጭ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። እሱም ከጂዲቢ ጋር አንድ በሽታ ነው ያለበት።

ከጂዲቢ ጎን እንዲኖር የምፈልገው አንድ መሣሪያ አርአር ነው፤ ሞዚላ ውስጥ የተወለደ። ፕሮግራሙን አንዴ ይቀዳና ያንኑ ሩጫ የፈለጋችሁትን ያህል ጊዜ እንደነበረ ያጫውታል፤ በጂዲቢ ትዕዛዝ ወደኋላም ትሄዳላችሁ። ከብዙ ሙከራ አንዴ ብቻ የሚከሽፍ ነገር ሲገጥመኝ የምዞረው ወደ እሱ ነው። ያ አንድ ውድቀት ከተቀዳ በኋላ አያመልጥም፤ ከወደቀበት ቦታ ወደኋላ እየተራመድኩ ሜሞሪው መጀመሪያ የተበላሸበትን ኢንስትራክሽን አገኛለሁ። ኬኦስ የሚባል ሁነታም አለው፤ የትሬዶችን (በፕሮግራሙ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎችን) ቅደም ተከተል ሆን ብሎ ያዘበራርቃል፣ የጊዜ ሽሚያዎችም ቶሎ ይወጣሉ። ሁሉንም ትሬድ በአንድ ኮር ላይ ስለሚያስኬድ ከእሱም ቁጥር አልወስድም። ደግሞም የፕሮሰሰሩን የአፈጻጸም ቆጣሪዎች ይፈልጋል። ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖች እነዚህን ለእንግዳው ሲስተም አያሳዩም፤ ስለዚህ የሙከራ ማሽኑን ከማዘጋጀታችሁ በፊት ቨርቹዋል ማሽኑን የሚያስኬደው ሃይፐርቫይዘር ይህን መፍቀዱን አረጋግጡ።